እርማት፦ ብጉር ከቆሻሻ አይመጣም

የ12ኛ ክፍል ልጃቸው ብጉር ላስጨነቃቸው እናት «የቆሻሻ ነው፤ በሳሙና ደጋግማ ትታጠብ። ኪኒኑ ከፈተና በኋላ ይደርሳል» ያልከው ወንድሜ፣ ለደግ አስበህ ነው። ግን ልክ አይደለም።

ብጉር የሚመጣው በጉርምስና ሆርሞን የቆዳ ወዝ ሲበዛና ቀዳዳው ሲደፈን ነው። ሳሙና እዚያ ድረስ አይገባም። መፈተግ እንዲያውም ቆዳውን ያስቆጣል። በቀን ሁለቴ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ ይበቃል።

እዚሁ ባሕር ዳር የእህቴ ልጅ በእንዲህ ያለ ምክር አንድ ዓመት ቆየ። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ የደም ነጠብጣብ እናይ ነበር። ዛሬ ብጉሩ ጠፍቷል፤ ጉድጓዱ ግን ጉንጩ ላይ ቀርቷል። ጠባሳ ፈተና እስኪያልፍ አይጠብቅም።

ጠንካራው ኪኒን፣ አይሶትሬቲኖይን፣ ቀላል ነው አልልም። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ወር ይወሰዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ፈተናው ደጅ ላይ ሲደርስ ከመጀመር፣ የቆዳ ሐኪም አሁኑኑ ማማከር ይሻላል። ከንፈር ይሰነጠቃል፤ ቫዝሊን ከቦርሳ አይጠፋም። የጣና ዳር ፀሐይም ቶሎ ያቃጥላታል፤ ጥላ ትያዝ። የጉበትና የስብ የደም ምርመራ አለው።

ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሐኪሙ የእርግዝና ምርመራ ያዛል። እናቷ በዚህ ቅር አይበላቸው፤ ለማንኛዋም ሴት የሚደረግ ነው። ልጅቷን ከከፋት ደግሞ «የፈተና ጭንቀት ነው» ብለው አይለፉት፤ ያኔውኑ ለሐኪሙ ይንገሩ። ከጓደኛ ተቀብሎ መዋጥ ግን በፍጹም አይሆንም።