ማስተካከያ፦ የላስ ቬጋስ የግቢ ሣር

ቀደም ሲል «ላስ ቬጋስ ቤት ያለው ሁሉ እስከ 2026 መጨረሻ ሣሩን መንቀል ግዴታው ነው» ብለን የጻፍነው ስህተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የኔቫዳ (ላስ ቬጋስ ያለችበት የአሜሪካ ግዛት) ሕግ ከ2027 ጀምሮ በኮሎራዶ ወንዝ ውሃ ማጠጣት የሚከለክለው በመንገድ ዳር፣ በንግድ ቤትና በአፓርታማ ግቢ ለጌጥ ብቻ የተተከለ ሣርን ነው። የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤትን አይነካም።

ለባለቤቶች ያለው ማበረታቻ ነው፦ ሣሩን ነቅሎ ውሃ ቆጣቢ ተክል ለሚተካ የደቡብ ኔቫዳ የውሃ ባለሥልጣን በስኩዌር ፊት አስልቶ ይከፍላል። አደራ፣ አመልክታችሁ ሣሩ ሳይታይላችሁ እንዳትነቅሉ፤ ገንዘቡ ይቀርባችኋል! ሻወሩን ትቶ ሣር ላይ ማተኮሩም ያለ ነገር አይደለም፤ የቤት ውስጥ ፍሳሽ ተጣርቶ ከተማዋ ውሃ ወደምትቀዳበት ሚድ ሐይቅ ሲመለስ፣ ሣር የጠጣው ግን ተንኖ ይጠፋል።