«ጻፍኩ አይደል!»

ጎጃም ውስጥ ስድብ ሳይመለስ አያድርም። ሰው ፊት ተዋርዶ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ የገባ ሰው ለሳምንት የጠላ ቤት መጫወቻ ይሆናል። ከዚህ ደንብ ነፃ የወጣ ቅጥር ቢኖር የሆስፒታል ግቢ ነው።

እዚያ በጠዋቱ ራውንድ፣ በሽተኞቹን ዞሮ ሊያይ፣ ዶክተሩ ኢንተርኖቹን (ተለማማጅ ሐኪሞቹን) አስከትሎ ሲገባ የሚጎድለው ጥላ የሚይዝለት ሰው ብቻ ነው። «የዚህ ሰው ሙቀት የታለ? ሌሊቱን ሙሉ ምን ስትሠሩ ነው የምታድሩት?» ይላል። ሙቀቱም፣ የልብ ምቱም፣ የደም ግፊቱም በእጁ በያዘው ካርድ ላይ በየሰዓቱ ሰፍሯል። ግን ገጽ ከመግለጥ ሲስተርን መቆጣት ይቀላል።

በምሥራቅ ጎጃም ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ዘመድ ሳስታምም አንድ ሐኪም ጄንታማይሲን የሚባለውን የመርፌ መድኃኒት ሲያዝ ብዕሩ ሮጠበትና 800 ሚሊግራም ብሎ ጻፈ። ተረኛዋ ሲስተር ካርዱን ይዛ ተከተለችው።

«ዶክተር፣ 80 ለማለት ነው?»

«አንቺ ማንበብ አትችይም? ጻፍኩ አይደል!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳን መወልወያዋን አቆመች። ሲስተር አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም፤ ወጥታ ሄደች። መድኃኒቱ የሚመጣው 80 ሚሊግራም በአንድ ብልቃጥ ነው። አሥር ብልቃጥ በትሪ ደርድራ ተመለሰችና ፊቱ አስቀመጠችው። ረጋ ብላ፣ ግን የጥግ አልጋው በሽተኛ እንኳን እንዲሰማ አድርጋ፣ «ያዘዙት ይኸው፣ ዶክተር። የሰውየው ኩላሊትና ጆሮ ይችለዋል ካሉ ካርዱ ላይ በድጋሚ ይፈርሙልኝና ልውጋ» አለችው።

ሐኪሙ ትሪውን አየ። ኢንተርኖቹ ጣሪያውን አዩ። ብዕሩን አወጣና አንዷን ዜሮ ሰረዘ።

«ይበል!» አሉ፣ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው አጠገባችን የተኙት መሪጌታ፤ ተማሪያቸው ጥሩ ቅኔ የዘረፈ ያህል።

ብልሃቷ ስድቡን ለጊዜው ትታ ትእዛዙን ማንሳቷ ነው። «ለምን ሰደብከኝ?» ብትል ኖሮ ዶክተሩ በማዕረጉ ይረታት ነበር፤ አሥር ብልቃጥ ፊት ግን ማዕረግ ምን ይሠራል? የስድቡን ጉዳይ ከሰዓት በኋላ በሩን ዘግታ ለብቻው አነሳችለት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ሲወጣ ግን «አንቺ» ቀርቶ «ሲስተር» ሆና ነበር።

«ዶክተር ደክሞት ነው» የሚል ጠበቃ አይጠፋም። ይደክመዋል እንጂ! ሲስተርስ የት ያደረች መሰለው? ነርስነት ዝቅ ያለ ሥራ የሚመስለውም አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረዋል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያላፈረችበትን ሙያ የእኛው የገበሬ ልጅ ጋውን ስለለበሰ ይንቀዋል።

እርግጥ ነርሶቹም ጻድቃን አይደሉም። ከላይ የወረደውን ቁጣ ሳያሳድሩ ለአስታማሚ የሚያወርሱ አሉ፤ ጋቢዬን አልጋው ላይ ስላስቀመጥኩ የደረሰኝን እኔ አውቃለሁ።

በማግስቱ ራውንዱ መሪጌታ ዘንድ ደረሰ። ሐኪሙ መረመራቸው፣ ካርዳቸው ላይ ጻፈ፣ ሊያልፍም ተነሣ። መሪጌታ ከጋቢያቸው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው የጋውኑን ጫፍ ያዝ አደረጉና፣ «ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ፤ ይህችን የጻፍካትን ሲስተር አይታታለች?» አሉት።