በር ማንኳኳቱ ይሻላል

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ስፓኒሽ ተናጋሪ አሜሪካውያን ወደ ምርጫ እንዲወጡ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ይብዛ ይላል። አልስማማም። ሰው የሚወጣው የሚያውቀው ሰው ቤቱ መጥቶ ሲያናግረው ነው። የሜክሲኮ ዝርያ ያለው አሜሪካዊ አደራጅ ዊሊ ቬላስኬዝ እ.ኤ.አ. በ1974 ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ላይ የመራጮች ምዝገባ ድርጅት ሲያቋቁም የያዘው መንገድ ይሄው ነበር፤ ቤት ለቤት፣ ከሰፈር ችግር ተነስቶ፣ መንገዳችን ለምን አልተነጠፈም እያለ። መፈክሩ «ሱ ቮቶ ኤስ ሱ ቮስ» ነበር። የምትመርጥበትም የምትናገርበትም ድምፅህ አንድ ነው እንደማለት፤ በአማርኛማ ቃሉም አንድ ነው!

እዚህ ላስ ቬጋስ ጎረቤቴ ሜክሲኳዊት ናት፣ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች። ዜግነት ካገኘች በኋላ ሁለት ምርጫ አልፏታል። አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋ በዚያ ሙቀት መጣች፣ በስፓኒሽ የታተመውን የድምፅ መስጫ ናሙና ወረቀት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አንድ በአንድ አብረው አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ቀርታ አታውቅም።

የአሜሪካ የመምረጥ መብት ሕግ እ.ኤ.አ. የ1975ቱ ማሻሻያ ብዙ ስፓኒሽ ተናጋሪ ባለበት ወረዳ የድምፅ መስጫ ወረቀቱ በቋንቋቸው እንዲቀርብ ያስገድዳል። አማርኛ እዚያ ሕግ ውስጥ የለም። ስለዚህ እናቶቻችን አጠገብ ቁጭ ብለን ማስረዳት የኛ ፋንታ ነው። ማንበብ የሚቸገር መራጭ የሚረዳውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል፣ ይሄን ንገሯቸው።