አታሟርቱበት!

«ባይሳካስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከአጠገባችሁ ካለ ቶሎ አርቁት። ሟርተኛ ነው። ያለ የሌለ ጥሪቱን አሰባስቦ፣ በላዩ ብድር ጨምሮ፣ አንድ ነገር ውስጥ በአንዴ ለሚዘፈቅ ቆራጥ ሰው የሚገባው ጭብጨባ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጠያቂውንም «አፍህን በዳቦ!» ማለት በቂ መልስ ነው። ደግሞስ ነገሩ እንደሚያዋጣ ማን አጣው? የነገረው ሰው ራሱ አትርፏል፤ ለነገረው ሰው የነገረውም እንዲሁ። ከዚህ በላይ ምን ጥናት ያስፈልጋል?

የቆራጡ ሰው ትልቁ ጸጋ «ያዋጣል ወይ?» ከምትለው ጥያቄ አለማለፉ ነው። «ስንቱን ላስገባ?» የምትለው ሁለተኛዋ ጥያቄ የፈሪዎች ናት። እስቲ ለፈሪዎቹ ሲባል አንድ ጨዋታ እንይ። ሳንቲም ይወረወራል። በአንዱ ገጽ ሲወድቅ ያስገቡት ገንዘብ 50 በመቶ ያድጋል፣ በሌላው ሲወድቅ 40 በመቶ ይቀንሳል። ዕድሉ እኩል በእኩል ነው፤ በአማካይ ሲታይ በየዙሩ 5 በመቶ ትርፍ አለው። ማለፊያ ጨዋታ! ቆራጡ 100ውን በሙሉ ያስገባል፣ የወጣለትንም በሙሉ መልሶ ያስገባል። እንዲህ የሚጫወቱ ብዙ ሰዎች ቢኖሩ፣ 20 ዙር ሲያልቅ የሁሉም ገንዘብ አንድ ላይ ተደምሮ ቢካፈል ለእያንዳንዱ 265 ገደማ ይደርሰዋል። ሰው ለማሳመን የምትጠቀሰው ይህች ቁጥር ናት። አሥሩን ዙር አሸንፎ አሥሩን የተሸነፈው የመሃል ተጫዋች እጅ ላይ የሚቀረው ግን 35 ነው። ለምን ቢሉ፣ አንድ ማሸነፍና አንድ መሸነፍ ሲገናኙ 100ው መጀመሪያ 150፣ ቀጥሎ 90 ይሆናል። ከአራት ተጫዋቾች ሦስቱ ያህል ይዘው ከገቡት ባነሰ ይወጣሉ፤ አማካዩን ሽቅብ የሚጎትቱት ዕድል ደጋግማ የሳመቻቸው ጥቂቶች ናቸው። ቆራጡ ሰው ከነዚያ ጥቂቶች አንዱ እንደሚሆን ግን አያጠራጥርም።

ፈሪውስ? በየዙሩ ካለው ላይ ሩቡን ብቻ አስገብቶ ሦስት ሩቡን ታቅፎ ይቀመጣል። ያው ሳንቲም ነው፣ ያው አሥር ማሸነፍና አሥር መሸነፍ፤ እርሱ ግን 113 ይዞ ይወጣል። ግማሹን የሚያስገባው ደግሞ 20 ዙር ለፍቶ ያንኑ 100 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሩብ የምትለዋም ከሜዳ የተነሣች አይደለችም፤ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ የነበረው ጆን ኬሊ በ1956 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ካሳተመው ቀመር የምትወጣ ናት። እንግዲህ ዕድሉ በቁጥር በሚታወቅ ሳንቲም ላይ እንኳ ሩብ ከተባለ፣ ዕድሉ በግምት ብቻ በሚታወቅ ንግድ ላይ ጠንቃቆቹ ቀመሩ ከሚለው ግማሹን ብቻ ማስገባታቸው አይገርምም። ዕድላቸውን አግንነው ገምተው ሊሆን እንደሚችል ይጠረጥራሉ። በራስ መጠርጠር፣ እንዴት ያለ ውርደት ነው!

መክሰርንም ቆራጡ ሰው አይፈራም፤ «የወረደ ይወጣል» ይላል። 10 በመቶ ያጣ ሰው 11 በመቶ ገደማ ቢያተርፍ ወደነበረበት ይመለሳል። ግማሹን ያጣ 100 በመቶ፣ 80 በመቶ ያጣ 400 በመቶ፣ 90 በመቶ ያጣ ደግሞ 900 በመቶ ማትረፍ አለበት። ሁሉን ላጣ ቁጥር አልተሠራለትም። ብድር ሲገባበት መንገዱ ያጥራል፦ 20 ከኪሱ፣ 80 ከአበዳሪ አውጥቶ የገዛ ሰው፣ የገዛው ነገር ዋጋው በ20 በመቶ ብቻ ሲወርድ የራሱ ድርሻ አልቋል፤ ወለዱ ገና አልተቆጠረም። ለዚህ ዓይነቱ ቆራጥነት ሎንግ ተርም ካፒታል ማኔጅመንት የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ጥሩ አርአያ ነው። ከሸሪኮቹ ሁለቱ በ1997 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ተሸለሙ። በዓመቱ፣ በ1998፣ ድርጅቱ በብድር ባገነነው ውርርድ ተንኮታኩቶ 14 የገንዘብ ተቋማት ከ3.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተው ደገፉት። የቀመር እጥረት እንዳልነበረባቸው ልብ ይሏል።

ማስረጃ በማሰባሰብ ረገድም ቆራጡን የሚስተካከለው የለም። «እገሌ እኮ ተከፍሎታል» ካለ አበቃ። ቻርልስ ፖንዚ በ1920 ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ እሰጣለሁ ሲል ቀድመው የገቡት በእርግጥ ተከፍሏቸዋል፤ ከኋላ በመጡት ገንዘብ። ክፍያው ራሱ ወጥመዱ ነበር። ሟርተኛ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አውጥቶ ያባዛል፦ 45 ቀን በዓመት ስምንት ጊዜ ይመላለሳል፤ 50 በመቶ ስምንት ጊዜ ሲደራረብ ገንዘቡን ከ25 እጥፍ በላይ፣ በሁለት ዓመት ደግሞ ከ650 እጥፍ በላይ ያደርሰዋል። ይህን የሚያህል ማሽን በእጁ ያለ ሰው የሌላውን ገንዘብ ለምን ይለማመጣል? የከሰሩት ደግሞ አፍረው ቤታቸው ስለተቀመጡ ለምስክርነት አይመጡም። የስታቲስቲክስ ሊቁ አብርሃም ዋልድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ተመትተው የተመለሱ አውሮፕላኖችን ሲያጠና ያልተመለሱትንም ከስሌቱ አላወጣም። ምን ያደርጋል! ከተመለሱት መጠየቅ አይበቃም?

ይህን ስንል ቆራጡ ሰው ችኩል እንዳይመስላችሁ። ስልክ ሊገዛ ሲል ሁለት ሳምንት ሙሉ ካሜራ ከካሜራ፣ ባትሪ ከባትሪ ያወዳድራል። ባይወደው ነገ ሸጦት ጥቂት ነው የሚያጣው። የዋስትና ውል ሲቀርብለት ግን በቀጥታ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ «የቱ ጋ ነው የምፈርመው?» ይላል። ዕዳው በሰላም ቢከፈል የሚያገኘው ምስጋና ነው፤ ተበዳሪው ቢጠፋ ዋናውም፣ ወለዱም፣ ቅጣቱም ወደ እርሱ ይዞራል። ሟርተኞች ይህን ገልብጠው ይዘውታል። ሊቀለበስ የሚችለውን ውሳኔ በአንድ ከሰዓት ጨርሰው የማይቀለበሰውን ያሳድሩታል። ከመፈረማቸውም በፊት ዋስትናው ጣሪያ እንዳለው፣ ብድሩ ቢራዘም ያለ እነርሱ ፈቃድ ይቀጥል እንደሆነ፣ አበዳሪው የተበዳሪውን ንብረት ትቶ በቀጥታ ወደ እነርሱ መምጣት ይችል እንደሆነ ይጠይቃሉ። ለወዳጅ ፊርማ ሦስት ጥያቄ! ወዳጅነት በዚህ ዘመን እንዲህ ረከሰ።

ክፉ አመላቸው ይህ ብቻ ቢሆን በታገሥናቸው። ጋሪ ክላይን የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ2007 የጻፈላቸው ሟርት አለ። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት የሚመለከታቸው ሁሉ ይሰበሰቡና ነገሩ ከሽፎ እንዳለቀ አድርገው ያስባሉ፤ ለምን እንደከሸፈም እያንዳንዱ ለብቻው ይጽፋል። ለብቻው መሆኑ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ አለቃው ወይም ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው እርሱኑ ይደግማል። («አይሆንምን ትተሽ ይሆናልን ባሰብሽ» የሚለው ተረት ከየትኛው ሟርተኛ እንደተነሣ እንጃ።) ቀጥለው መውጫቸውን በቀንና በቁጥር ያስቀምጣሉ፦ በስድስተኛው ወር ገቢው የወጪውን ግማሽ ካልሸፈነ ይዘጋል፣ ነገር አለቀ። ቆራጥ ሰው መውጫ አይጽፍም። «ይህን ሁሉ አፍስሼበት እንዴት ልተው?» ይላል። የፈሰሰው ቢቀጥልም ቢያቆምም አይመለስም፤ እርሱ ግን ለፈሰሰው ክብር ሲል የተረፈውን ያፈስበታል።

ሲሳካለት ብልህነቱ ነው፣ ሳይሳካ ሲቀር የሰው ዓይን። ሟርተኛው በውሳኔው ዕለት ምን ያውቅ እንደነበረና ዕድሉን በስንት በመቶ እንደገመተ ጽፎ ያስቀምጣል። ሠላሳ ያህል ሲጠራቀሙለት «70 በመቶ» ካላቸው ውስጥ በእርግጥ ስንቱ እንደሰመረ ይቆጥራል። ግማሹ ብቻ ከሆነ በቀጣዩ ያነሰ ያስገባል። ቆራጡ ትዝታው ይበቃዋል፤ ትዝታው አንድም ቀን ፈርዶበት አያውቅም።

ከሁሉ የሚያሳዝኑት መጠባበቂያ የሚያኖሩት ናቸው። ደመወዝተኛው ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ ወጪውን፣ ገቢው ከፍ ዝቅ የሚለው ከዚያም የበለጠ፣ በፈለገው ቀን ሊያወጣው በሚችልበት ቦታ አስቀምጦ የዋጋ ንረት ሲሸረሽረው እያየ ይተኛል። ቆራጡ «የሞተ ገንዘብ» እያለ ይስቅበታል። ሥራ የቆመ ወይም ሕመም የገባ ዕለት ቆራጡ ንብረቱን በጥድፊያ ለገበያ ያወጣል፤ ክፉ ጊዜ ለብቻ አይመጣምና ሌላውም በዚያው ሳምንት ሻጭ ነው። በግማሽ ዋጋ የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ ያ የሞተ ገንዘብ ያለው ሰውዬ ነው።

የሚሸጥ ነገር ካልተረፈው ደግሞ ብድር ሊጠይቀው ይሄዳል። ሟርተኛው ያን ጊዜም አመሉን አይተውም፤ ባይመለስ የማይጎዳውን ያህል ቆርጦ ይሰጠዋል። ቆራጡም በየደረሰበት ያወራለታል፦ «ያን ሁሉ ይዞ ይህችን ሰጠኝ! ድሮም ቆጣሪ ነው።»