ፓኖራማዬን ማን ቀንስ አለህ?

የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች በፓኖራማ ፎቶ (ወደ ጎን በጣም በረዘመ ሰፊ ፎቶ) ላይ የሚሠሩትን ግፍ ዛሬ ካልተናገርኩ አንጀቴ አይርስም። ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት ፎቶ አላችሁ። ካሜራ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያለ የሚቃኘው እንዲመስል ትፈልጋላችሁ። ሌላ ምንም። ቱቶሪያሉ ሁሉ የሚለውም ያንኑ ነው፤ መነሻው ላይ አንድ ኪፍሬም (ምስሉ በዚያ ቅጽበት የት እንደሚሆን የሚነግር ምልክት)፣ መድረሻው ላይ ሌላ ኪፍሬም፣ በቃ አለቀ። ኧረ አላለቀም! ገና መከራው መጀመሩ ነው።

በቁጥር ላሳያችሁ። ፎቶው 12,000 በ3,000 ፒክስል ነው እንበል። 36 ሚሊዮን ፒክስል ማለት ነው። ቪዲዮው 1920 በ1080 ነው፣ ሁለት ሚሊዮን አካባቢ። ፎቶውን ታይምላይን (ክሊፖች የሚደረደሩበት መስመር) ላይ ስታስቀምጡት ብዙ ሶፍትዌር ማንንም ሳይጠይቅ ጠቅላላውን ፍሬሙ (የቪዲዮው አራት ማዕዘን) ውስጥ ለማስገባት ያሳንሰዋል። ወርዱ 1920 ሲሆን ቁመቱ 480 ይቀራል። ከላይ 300 ፒክስል ጥቁር፣ ከታች 300 ፒክስል ጥቁር። ያ ሁሉ ተራራ መቀነት አክሎ መሐል ላይ ይቀመጣል።

እሺ፣ ፍሬሙን እንዲሞላ ስኬሉን (የመጠኑን ቁጥር) 225 በመቶ ታደርጉታላችሁ። ይደበዝዛል። ለምን ይደበዝዛል? ፎቶው እኮ የሚበቃ አልፎም የሚተርፍ ፒክስል ነበረው! አንዳንዱ ሶፍትዌር ሲያሳንሰው ትርፉን ጥሎታል። አሁን የሚያተልቀው ዋናውን ፎቶ ሳይሆን ራሱ ያሳነሰውን ነው።

ብዙ ሰው በሚጠቀምበት አንድ ፕሮግራም ውስጥ ለዓመታት ጎን ለጎን የኖሩ ሁለት ትዕዛዞች ነበሩ፤ "ስኬል ቱ ፍሬም ሳይዝ" እና "ሴት ቱ ፍሬም ሳይዝ"። የሚለያቸው አንድ ቃል ነው። ሥራቸው ግን ሰማይና ምድር። የመጀመሪያው ፎቶውን በፍሬሙ ልክ ያሳንስና የቀረውን ፒክስል ይጥላል። ሁለተኛው የስኬሉን ቁጥር ብቻ ይቀይራል፣ ፒክስሉን አይነካም። ይሄን ማን ነው ቁጭ አድርጎ የሚነግራችሁ? ማንም። ሰው ፎቶው ሲደበዝዝበት "የስልኬ ካሜራ አይረባም" ብሎ ይተወዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ጥሩ ፎቶ ያነሳ ሰው ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሥራውን ይጥላል።

ከዚያ መንቀጥቀጡ ይመጣል። ቁመቱ ፍሬሙን ሲሞላ የፎቶው ወርድ 4320 ፒክስል ይሆናል። 1920ው ከመጀመሪያውም ይታያል፤ ጉዞው 2400 ነው ማለት ነው። ይሄን በ5 ሰከንድ እንጨርስ ብትሉ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (እዚህ ላይ ፍሬም ማለት ቪዲዮው የሚሠራበት እያንዳንዱ ነጠላ ምስል ነው) ሲሆን፣ ምስሉ በየፍሬሙ 19 ፒክስል ይዘላል። ዓይን የሚያየው ዝላዩን ነው። የፊልም ሰዎች የቆየ ልማድ አላቸው፤ ካሜራ ሲዞር አንድ ነገር ከፍሬሙ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመድረስ 7 ሰከንድ ያህል ይውሰድ ይላሉ። በዚያ የጥድፊያ ጉዞ የሚወስደው 4 ሰከንድ ብቻ ነው። 12 ሰከንድ ስጡት ግን፣ በየፍሬሙ ልክ 8 ፒክስል ይሄዳል፣ ሽራፊ የለውም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍም ከ9 ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አጫውታችሁ እዩት። ያው ፎቶ ነው አትሉም።

ደግሞ እውነተኛ ካሜራ ሲንቀሳቀስ በየፍሬሙ ትንሽ ብዥታ ይፈጥራል። ዝላዩን የሚያለሰልሰው እሱ ነው። የቆመ ፎቶ ግን በእያንዳንዱ ፍሬም ላይ ጥርት ብሎ ስለሚታይ መቆራረጡ ይብስበታል። ስለዚህ ሞሽን ብለር፣ ማለትም ያው ብዥታ፣ ያስፈልገዋል። የት ነው ያለው? ፖዚሽን (የምስሉን ቦታ) የምትቀይሩበት ቦታማ ብዙ ጊዜ አታገኙትም። ሌላ ኤፌክት ፈልጋችሁ፣ እንቅስቃሴውን እዚያ እንደ አዲስ ሠርታችሁ፣ ሻተር አንግሉን (የብዥታውን መጠን የሚወስነውን ቁጥር) 180 ስትሉት ነው የሚመጣው። ለምንድነው ይሄ ተደብቆ የሚቀመጠው?

ሣሩና ቅጠሉስ? ቀጫጭን ነገር የበዛበት ፎቶ ሲንቀሳቀስ ብልጭ ድርግም ይላል። የመብራት ሽቦ ካለበት ደግሞ አያድርስ ነው። አንዱ ቀጭን መስመር በዚህ ፍሬም ፒክስሉ ላይ ያርፋል፣ በሚቀጥለው በሁለት ፒክስል መካከል ይወድቃል፣ እንዲህ እያለ ይርገበገባል። መድኃኒቱ ፎቶውን አስቀድሞ በፎቶ ኤዲተር ወደሚፈለገው ልክ በጥራት ማሳነስ ነው፤ ዙም የማታደርጉ ከሆነ 4320 በ1080 ይበቃል፣ ዙም ካለ ደግሞ እንደ ዙሙ መጠን ተለቅ ይበል። ልብ በሉ፣ ፎቶው ምን ያህል እንደሚያስፈልገው አስቦ ማሳነስና ሳይጠይቁ መጣል አንድ አይደሉም።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ።

ምስሉ ከግራ ተነስቶ፣ ከፍተኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ 3 ሰከንድ ቆሞ፣ ከዚያ እንዲቀጥል ፈልጋችኋል እንበል። ጫፉ ላይ ሁለት ኪፍሬም ታደርጋላችሁ። የሁለቱም ፖዚሽን አንድ ነው፤ ቁጥሩ በነጥብ እንኳ አይለያይም። እንግዲህ ሁለት ቁጥር እኩል ከሆነ መሐላቸው ያለው ምን መሆን አለበት? ቀጥ ብሎ መቆም! ምስሉ ግን አይቆምም። ጫፉን ትንሽ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። ቁጥሩን ደግማችሁ ታያላችሁ፣ ልክ ነው። አጥፍታችሁ ትሠራላችሁ፣ ያው ነው። ሰው ራሱን እስኪጠራጠር ድረስ ያደርሳል።

ምክንያቱ ሲታወቅ ያናድዳል። ሶፍትዌሩ ኪፍሬሞቹን የሚያገናኘውን መንገድ "ላሳምርላችሁ" ብሎ በራሱ ጊዜ ያጎብጠዋል። አውቶ ቤዚየር ይሉታል። ወፍ ስታበር ለመሥራት ግሩም ነገር ነው። ለቆመ ምስል ግን ጥፋት ነው። ኪፍሬሙ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ፣ ስፓሻል ኢንተርፖሌሽን (ምስሉ በኪፍሬሞቹ መካከል የሚሄድበት መንገድ) የሚለውን ሊኒየር (ቀጥታ) ስታደርጉት ወዲያው ቀጥ ይላል። ቴምፖራል የሚል ሌላም አለ፤ እሱ ፍጥነቱን ነው የሚገዛው፣ ኢዝ ኢን እና ኢዝ አውት (ቀስ ብሎ መቆምና ቀስ ብሎ መነሳት) የሚደረገው እዚያ ነው። ሁለት እኩል ቁጥር ያስገባ ሰው "ቁም" እያለ እንደሆነ ለመረዳት ምን ያስቸግራል? ይሄ ነገር እስካሁን አልዋጥልኝ ብሏል።

ዙምና ጉዞ በአንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ስኬሉ ከ100 ወደ 400 በእኩል እርምጃ ሲያድግ፣ ለዓይን መጀመሪያ ላይ ይሮጣል፣ መጨረሻ ላይ ይንፏቀቃል፤ ከ100 ወደ 200 መሄድ እጥፍ ነው፣ ከ300 ወደ 400 ግን ሲሶ ብቻ ነው። ይሄን የሚያስተካክል ኤክስፖኔንሻል ስኬል (በእኩል ድምር ሳይሆን በእኩል ብዜት የሚያድግ) ያላቸው ፕሮግራሞች አሉ። የሌላቸው ይበዛሉ።

በስልክ የተነሳ ፓኖራማ ላይ ቀጥ ያለው አጥር ለምን እንደጎበጠ የምትጠይቁም አላችሁ። እዚህ ላይ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩን አልወቅስም። ስልኩ ዙሪያውን ያየውን በሲሊንደር ላይ እንደተጠቀለለ አድርጎ ነው የሚዘረጋው።

"ኬን በርንስ ኤፌክት የሚለውን ቁልፍ ተጫን፣ ራሱ ይሠራልሃል" የሚል ምክርም ሰልችቶኛል። ኬን በርንስ አሜሪካዊ የዘጋቢ ፊልም ሰው ነው፤ በድሮ ፎቶዎች ላይ ቀስ ብሎ በመሄድ ይታወቃል። በ2003 አይሙቪ (የአፕል የቪዲዮ ኤዲቲንግ ሶፍትዌር) ላይ ኤፌክቱ በስሙ ገባ። የሰውዬው ጉዞ ግን ምክንያት ነበረው። ከአንድ ፊት ተነስቶ ወደ አንድ እጅ የሚሄደው ተመልካቹ ያንን እጅ እንዲያይ ነው። ቁልፉ ከተራራዬ የቱ ጋ ዓይን ማረፍ እንዳለበት አያውቅም። ሰማዩን ቆርጦ ባዶ ሜዳ ላይ ያቆመዋል። ያንን ምርጫ ለማሽን አልሰጥም።

የመጨረሻው ጥያቄ ሁሌም ያው ነው፤ "ለስልክ በቁመቱ አድርገውና አጠር አርገህ ልቀቀው።" እሺ፣ እናስላው። 1080 በ1920 ላይ ፎቶው ቁመቱን ሲሞላ ወርዱ 7680 ይሆናል። ጉዞው 6600 ፒክስል ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም፣ በ5 ሰከንድ ከሆነ በየፍሬሙ 44 ፒክስል ይዘላል። አንድ ዛፍ ገብቶ እስኪወጣ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ማን ምን ሊያይ ነው? በየፍሬሙ 5 ፒክስል እንዲሆን 44 ሰከንድ ይፈልጋል። ያን ያህል የሚታገስ የለም ካላችሁኝ፣ ከተራራው ደህናውን ክፍል መርጬ ጉዞውን በግማሽ አሳጥሬ 22 ሰከንድ አደርገዋለሁ። ማጣደፉን ግን አትጠይቁኝ።