ዓድዋ ላይ መጀመሪያ ይለቀስ

የካቲት 23 ሲሆን ዓድዋ ከተማ ውስጥ ሰው ወደ ሶሎዳ ይነሳል። ወጣቱ ተራራውን ሽቅብ ይያያዘዋል። ከታች ንግግር አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ሰልፊ አለ። ደስ ይላል። እኔ ከደስታው ጋር ጠብ የለኝም። ለሞቱት የሚተርፈው ሰዓት ግን በጣም ትንሽ ነው፤ አበባ ማስቀመጥና የህሊና ጸሎት፣ አለቀ።

በ1888 በዚያ እሑድ ስንት ኢትዮጵያዊ እንደወደቀ የታሪክ ጸሐፊዎች አይስማሙም። በሺዎች እንደሚቆጠር ግን አያከራክርም። በስም የምንጠራው ስንቱን ነው? ፊታውራሪ ገበየሁን። ሁለት ሦስት መኳንንት እንጨምርና እንቆማለን። በቅሎ ጫኙ፣ በእንስራ ውሃ ስታቀብል የነበረችው ሴት ስም የላቸውም። በጦርነቱ ዋዜማ ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር። ክፉ ቀን የተባለው ታላቅ ረሃብ ካለፈ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ሠራዊት ሲሰፍርበት የከረመው የዓድዋ ዙሪያ ገበሬ፣ ጎተራው ሲራቆት ምን በላ? ይህ ጥያቄ መድረክ ላይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

“የድል ቀን ነው፤ ምን ለቅሶ አመጣው?” የሚል አይጠፋም። በአገራችን ወግ እኮ ጀግና ሲሞት ለቅሶና ፉከራ አይለያዩም። ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል። ጋሻና ጦሩ፣ የክት ልብሱ ለለቀስተኛ ይታያል። አልቃሿ ሙያውን እየዘረዘረች ታስለቅሳለች። በዚያው መሀል አንዱ ብድግ ብሎ ይፎክራል። እያለቀሱ መኩራት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ደግሞ ዓድዋ ዛሬ የበዓል አስተናጋጅ ብቻ አይደለችም፤ ለቅሶ ቤትም ናት። ከ2013 እስከ 2015 የነበረው ጦርነት እሷንም አልማራትም። በጥቅምት 2016 በትግራይ የሦስት ቀን ሐዘን ታውጆ ነበር፤ ስንቱ ቤት መርዶ ገባ። ልጇን ባጣች እናት ደጃፍ ከበሮ እየደለቅን ማለፍ ትንሽ አይከብድም? በጉዞ ዓድዋ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ አቋርጦ የሚመጣው ተጓዥም ቢሆን፣ ከተማዋ ሲገባ ይህን ልብ ማለት አለበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይቀየር። ቀኑ ጊዮርጊስ ነው፤ ጠዋት ቅዳሴውና ፍትሐቱ ይቅደም፣ ሙስሊሙም ዱዓውን ያድርግ። ከዚያ የከተማው ሰው ይነሳና ከቤተሰቡ የወደቀበትን በስም ይጥራ። ቅድመ አያቱ ይሁን ታናሽ ወንድሙ ማንም አይጠይቀው። ሹሙ አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ፀሐይ የሚመታው ሕዝቡን ነው እንጂ እሱ ድንኳን ውስጥ ነው። ሶሎዳ የትም አይሄድም፤ ከዚያ በኋላ ይወጣል። የተጠራው ስም ሁሉ መዝገብ ላይ ይስፈር፤ በ2016 ፒያሳ ላይ የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም ቅጂውን ይውሰድ።