የወረቀቱ ይሻላል

እኔ የወረቀት ፕሮጀክት ወዳጅ ነኝ፤ አልደብቅም። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እልል እላለሁ። ባነሩ ላይ ያለው የኮምፒውተር ሥዕል ሲያምርማ ዓይኔ እንባ ያቀራል። ስለዚህ ሃይማን ሪኮቨር የሚባለውን አሜሪካዊ መሐንዲስ ዛሬ ትንሽ ባማው ቅር አይበላችሁ።

ሰውዬው የባሕር ኃይል መኮንን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የጻፈው አንድ ማስታወሻ አለ። የኒውክሌር ማብላያ ሁለት ዓይነት ነው ይላል። የወረቀቱ ቀላል፣ ትንሽ፣ ርካሽ ነው፤ ቶሎም ያልቃል። ደግሞም ገና ጥናት ላይ ነው። እውነተኛው ግን እየተሠራ ነው። ዘግይቷል፣ ውድ ነው፣ ከባድ ነው፣ ውስብስብ ነው።

እስቲ ፍረዱ! ይሄን ሁሉ እያወቀ የቱን መረጠ? እውነተኛውን። የጤና ነው?

ባለ ወረቀቱ እርሳስና ላጲስ አለው፤ ቢሳሳት ያጠፋል። የሚሠራው ሰው ግን ስህተቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ አገር ያየዋል። ይሄም እዚያው ማስታወሻ ላይ አለ። እኛ ማንም ሳይነግረን ገብቶናል። ላጲሱን የሙጥኝ ያልነው በከንቱ ነው እንዴ?

የሥራ ባልደረቦቹም አልተሸወዱም። ዕድገቱን ሁለት ጊዜ ዘለሉት። ኮንግረሱ ጣልቃ ባይገባ ጡረታ ወጥቶ ያርፍ ነበር፤ እኛም እናርፍ ነበር። እሱ ግን በጥር 1955 ናውቲለስ የምትባል በኒውክሌር የምትሄድ ሰርጓጅ መርከብ ባሕር ላይ አሰማራ። አዲስ መርከብ ለሙከራ ስትወጣ ራሱ ውስጥ ይገባል። ተወካይ መላክ የሚባል ነገር አያውቅም!

ወንበር እንኳ ለወጉ አይተውም። ሥራ ፈላጊ ሲፈትን የወንበሩን የፊት እግሮች አሳጥሮ ይጠብቃል፤ ተፈታኙ እየተንሸራተተ ይመልሳል። እንዲህ ባለ ወንበር የሦስት ቀን ዓውደ ጥናት እንዴት ይካሄዳል? ከሻይ ዕረፍት ማን ይመለሳል?

ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ግን የኛ ሰው ናቸው። መስከረም 1954 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የሺፒንግፖርት የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ግንባታ ሲጀመር እሳቸው ዴንቨር ነበሩ። እዚያው ሆነው አንዲት ዘንግ ሲያወዛውዙ ፔንሲልቬንያ ያለው ዶዘር ተንቀሳቀሰ። ሥነ ሥርዓት ማለት ይሄ ነው! እዚህ ላይ ማቆም ሲገባ ሥራውን የሚመራው ሪኮቨር አበላሸው። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወር ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1957፣ ማመንጫው መብራት መስጠት ጀመረ። 60 ሜጋ ዋት። ድንጋዩን ሁለተኛ ለመጣል እንኳ ጊዜ አልሰጠም።

እኛም በአቅማችን ከሩሲያ ጋር ስለ ኒውክሌር ተፈራርመናል። እስካሁን ወረቀቱ ያምራል። ብቻ የሰውዬውን ማስታወሻ ተርጉሞ የሚያመጣ ነገረኛ እንዳይመጣ ነው የምፈራው።

በሰፈራችን የተጣለ አንድ የመሠረት ድንጋይ አለ፤ ጤና ጣቢያ ነው የሚሆነው። ለጊዜው የሊስትሮ ደንበኞች ወረፋ ይጠብቁበታል። ባለፈው ሳምንት ሰዎች በሁለት መኪና መጡና አሮጌውን ባነር አውርደው አዲስ ሰቀሉ። በአዲሱ ሥዕል ሕንፃው አንድ ፎቅ ጨምሯል።